የቬይኮ ቁጥር

በኮትካ ወደብ ላይ፣ ውርጭ ባሕሩን ሲያስር፣
ራይሊ ከፈተችው የሟቹን ፕሮግራም፣
የክሬኑን ሚዛን ያነብ የነበር
ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይነካው ሕመም።

አዲሱ መሣሪያ ገና ሲያየው ደም ለበሰ፤
ሁለት መቶ አሥራ አራት ስህተት ማያዋ ላይ አፈሰሰ፦
«ያ ላይብረሪ የለም። ይህ ትእዛዝ ተሽሯል።
ይህ የፋይል ዓይነት ዘመኑ አልፎበታል።»

አንዱን ስትነቅል ሦስት እየበቀለ፣
አንዱን ስሪት ብታስታርቅ ሌላው እየኮበለለ፣
ማክሰኞ መሽቶ ነጋ፤ ሐሙስም እንዲሁ ዋለ።

ቀዩ ሁሉ ረግፎ አንድ ብጫ ቀረ፤
«ስም የሌለው ቁጥር» ይል ነበረ።
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አምስት፣
ወሩ አንድ ሲሆን የሚባዛ፤ ከምን የመጣ ነው?
ቬይኮን ከመቃብር ማን ይጠይቀው?
ሰረዘችው።

በማግስቱ ክሬኑ የወረቀት ጥቅል አነሳ፤
ሃያው ቶን ሃያ አንድ ሆነ፣ የመርከቡ አዛዥ በቁጣ ተነሳ።
የክሬኑ ሹፌር አርቶ ከላይ ሆኖ ሳቀ፦
«ብረት በብርድ ይዋሻል፤ ቬይኮ በጣቱ ዳብሶ አወቀ።»

መለሰችው።
ስምም አወጣችለት፦ «የጥር ብርድ»።

ብጫው ጠፋ።