የኮቴ ውሃ

ኅዳር ነው። ጣና ወደ ኋላው ሸሽቷል፣
ከጉማራ አፍ ያለው ጭቃ እንደ ቆዳ ደርቋል።
እንድሪስ ደንገል ያጭዳል፣ እኔ አስራለሁ፣
ታንኳ የማይሆነውን ነጥዬ እጥላለሁ።

በአንዲት የላም ኮቴ፣ መዳፍ በማትሞላ፣
ከጥፍር በማይጠልቅ የድፍርስ ውሃ አተላ፣
ጭቃው ነፍስ ዘራ፤ ጭራ አወጣ ኋላ።

አምባዛ ነው። ግን ጣቴን አያህልም፤
ራሱ ጠፍጣፋ፣ ገላው ቅርፊት የለውም፤
ስምንት ሪዝ አብቅሎ ገና ስም አልወጣለትም።

ዓይኑ የኑግ ፍሬ፤ በእሷ ምን ሊያይባት?
በሪዙ ነው የሚሄድ፤ መብራት እንደጠፋባት
ሴት፣ ክብሪት ፍለጋ መደርደሪያ እንደምትዳብስ ሌሊት።

ብቅ ይላል ደግሞ፤ አፉን ከፍቶ ይጎርሳል፤
አሳ ሆኖ ሳለ ነፋስ ይቀለባል።

ነሐሴ ላይ እናቱ ጎርፉን ተከትላ፣
በሰጠመ ሣር ላይ እንቁላሏን ጥላ
ሄዳለች። ጡት የለ፣ አደራ የለ፣ የለም ሌላ።
ውሃው ሲጎድል ከብት መጣ፤
ከብቱ ሲያልፍ ኮቴ ቀረ፤
ኮቴው አገር ሆኖ ሰነበተ፣
ዛሬ ረፋድ ላይ ግማሹን ፀሐይ ጠጣችው።

ባሕር ዳር ገበያ ቀረሶ ይወደሳል፣
አምባዛ ያዩ እንደሆን «ቅርፊቱስ?» ይባላል።
እናቴም አትነካው። እንድሪስ ይስቃል፦
«ለእናንተ ያልሆነው እኛን አሳድጎናል።»

እኔ ግን አዘንኩኝ። እንደ ጽድቅ ቆጥሬ
ከነጭቃው ዘገንኩት፣ በሁለት እጄ አፍሼ፣
ወደ ሐይቁ ልወስደው ሦስት እርምጃ ሄጄ
በክንፉ እሾህ ወጋኝ።
ሣሩ ላይ ጣልኩት፣ ደንግጬ።

ፈለግን፤ የለም።
እንድሪስ ማጭዱን በሣር እየጠረገ፦
«ማን ጠራህ?» አለኝ። «ማታ ጤዛ ሲወርድ
በሆዱ ይሄድ ነበር። አንተ ነህ ያስቸኮልከው።»

በማግስቱ መጣሁ። ኮቴው ደርቆ ነጥቷል።
ከሣሩ ሥር አንዲት ቀጭን መስመር ወጥታለች፣
ሕፃን በእርሳስ እንደ ሳባት ጠማማ፣
ወደ ሐይቁ ታመራለች፣
ሐሳቧን ቀይራ ወደ እምቦጩ ትዞራለች፣
ሳቢሳዋ እግር ሥር ታልቃለች።

ሳቢሳዋ በአንድ እግሯ ቆማለች፣
ስለ ምንም ነገር እንዳልሰማች።

ጣቴን አየሁ፦ ቁስሉ ኑግ ያክላል፣
ደንገሉን ሳጠብቅ ይጠዘጥዘኛል።