ያልተከፈተ አደራ

ሳልሚያ፣ ሰባተኛ ፎቅ። ማዳም ዋይፋዩን ዘግታለች፤
ሲም ካርዷን ከፓስፖርቷ ጋር ቆልፋባታለች።
ሉባባ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ተለጥፋ፣
«እህቴ ወለደች ወይ?» ብላ ጽፋ፣
ለቀቀችው። እንደ እርግብ አይደለም፣ እንደ ቁንጫ፤
ከኪስ ወደ ኪስ ዘልሎ ይፈልጋል መውጫ።

አምስተኛ ፎቅ ዘይባ ካውያ ይዛ ቆማለች፤
ሽርጧ ኪስ ምን እንደገባ በምን ታውቃለች?
የሰው አደራ ታቅፋ ዋለች፣ ሳትሰማ፣ ሳትጠየቅ፤
ብትነካውም አይከፈት፣ ቁልፉ ሐርቡ ነው፣ ሩቅ።

ማታ ቆሻሻ ልትጥል ወረደች።
ከደጅ ሞተሩን ያቆመ ልጅ፣ የዳካ ሰው፣ ፒዛ አድራሽ፣
አንድ ቃል አማርኛ ሳያውቅ፣ የሉባባንም ቃል አድራሽ።
ሐዋሊ ላይ ቀይ መብራት ያዘው።
ከጎኑ አውቶቡስ፣ ከመስኮቱ የአንዷ ስልክ፣ ኔት ያለው፤
ቃሉ ዘለለ። ባሕሩን ተሻገረ።

መልሱ በማን ኪስ እንደመጣ እንጃ።
በሦስተኛው ቀን፣ እርጥብ አንሶላ ስታሰጣ፣
ስልኳ ከጉያዋ ተንቀጠቀጠ፦
«ወንድ ነው። ስም አንቺ አውጪለት።»

ካደረሱት የአንዱን ስም ልትሰጠው አሰበች፤
አንዳቸውንም አታውቅም።
«ቆዩ፣ እያሰብኩ ነው» ብላ ጻፈች፣
ለቀቀች።