የአሥራ አራት ቁጥር ግቢ

በበርገን ዳገት ላይ ፖስታ አመላላሽ ነኝ፣
ከደብዳቤው ይልቅ ዝናቡ የከበደኝ።
የሰው ደጅ የማውቀው በዓይኔ አይደለም፣
በጫማዬ እንጂ፤ እሱ ዋሽቶ አያውቅም።

አሥራ አራት ቁጥር ግን የተለየ ነበር፣
ከበሩ እስከ ደረጃው እግር የሚያስቸግር፤
ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ፣
ሲረግጡት ይውጣል፤ እያሳሳቀ እንጂ
ውሃ መች ይወስዳል በጩኸት በአዋጅ!

ራንሂልድ ትባላለች የግቢው ባለቤት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጀልባ ጣቢያ ቤት
ትኬት የቆረጠች፣ ሰው ያሰለፈች፣
«ወዴት ነዎት?» ብላ ሁሉን የጠየቀች።

የእህቷ ባል መጣ ፓምፕ ተሸክሞ፣
ሲሚንቶም አፈሰሰ ሙሉ ቀን ደክሞ፤
ውሃው ግን ተገፋ፣ አጥሩን ተሻገረ፣
በስቬሬ ምድር ቤት ገብቶ አደረ፤
ድንቹ ተንሳፈፈ፣ የበረዶ ሸርተቴው እንደ ጀልባ ዞረ።

ስቬሬም ጻፈላት፣ ቴምብር ለጥፎበት!
በአሥር እርምጃ ርቀት፣ አጥር ለሚለየው ቤት።
እኔ ነኝ ያደረስኩት፣ ከተማ አዙሬ፤
ፖስትካርድ ነውና አነበብኩት፤ «ውሃሽን ያዢ! ስቬሬ።»

በጥቅምት አንድ ቀን፣ ዶፍ ሲወርድ ከሰማይ፣
ጃንጥላ ዘርግታ በግቢዋ መሃል ተቀምጣ ሳይ፣
አበደች አልኩኝ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ
ውሃው ባለፈበት ሁሉ የሹራብ መርፌ ትተክላለች ሌላ በሌላ።
«ጠይቄው አላውቅም» አለችኝ፣ «ወዴት እንደሚሄድ፤
ስገፋው ነው የኖርኩ፣ ሳልቆርጥለት መንገድ።
መንገደኛ እኮ ነው። መንገደኛ ደግሞ
ተራውን ካላወቀ ይጋፋል በር ላይ ቆሞ።»

በመጋቢት ቆፈረች። ቀጥ ያለ ቦይ ሳይሆን
እንደ ሽማግሌ ጨዋታ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን።
ከጣሪያው አሸንዳ እስከ ግቢው ዝቅታ
ክብ ክብ ድንጋይ ደረደረች፣ አንዱን ካንዱ አስጠግታ፤
ውሃው የሚያርፍበት ጎድጓዳ አበጀች፣
አሸዋና ጠጠር፣ ብስባሽ አፈር ሞላች፤
ቄጠማ በመሃል፣ ቢጫ አይሪስ በዳር፣
እግራቸው እየራሰ ወገባቸው ደርቆ የሚያድር።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፣
ቢሸኙት ግን እንግዳ ነው።

በሰኔ ዝናቡ ለዘጠኝ ቀን ጠፋ፣
በረንዳው ላይ ቆማ ሰማይ ታያለች፣ ፊቷ የከፋ፤
«አልመጣም» አለችኝ፣ የቀጠረችው ሰው የቀረባት መስላ።
በበርገን! ዝናብ የናፈቀ አላየሁም ከእሷ ሌላ።

ሐሙስ ዕለት መጣ። ፖስትካርድም መጣ፣ ቴምብር ያለበት፤
«ከቢጫው ሥር ቆርጠሽ ላኪልኝ። ስቬሬ።» አነበብኩት።
ሥሩን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ስሙን ጽፋበት፤
ቴምብር የለውም። ሕጉ አይፈቅድም። በአጥሩ አናት አቀበልኩት።

ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ ጥግ አለ፣
ዛሬም ጭቅ ጭቅ የሚል፣ ምክር ያልተቀበለ።
«እሱን ለዳክዬዎቹ ትቼዋለሁ» አለችኝ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ካልሲዬ ደረቅ ነበር። የግራው።
ቀኙ ዳክዬዎቹን ሊያይ ሄዶ ነበር።