ጠመኔ

ከዚራ፣ ከባቡር መጠገኛው ጓሮ፣
አባቴ ዑመርዲን፣ ጆሮውን ቀስሮ፣
የፉርጎ መንኮራኩር በመዶሻ መትቶ፣
ስንጥቁን ከድምፁ ይለያል ሰምቶ።
ሦስት ጊዜ በጠመኔ ጎኑ ላይ ከጫረ፣
ያ ፉርጎ ተፈታ፤ ብሎኑ ለሌላ ኖረ።

ሃያ ሦስት ዓመት እኔም፣ በሴል ጠባብ ጓዳ፣
ፕሮቲን ሲያረጅ አየሁ፣ ሲጣመም፣ ሲጎዳ፤
ሴሉ ምልክት ለጥፎ ይፈታዋል ፈጥኖ፣
ጠመኔው ያለቀ ቀን ይከመራል፣ በሽታ ሆኖ።
ይህን ጽፌዋለሁ፤ ሥዕሉ፣ ቁጥሩ፣ ሁሉም አለ።
መድኃኒቱን? ገና ነኝ።

ዛሬ በረንዳው ላይ ስሜን ይጠይቀኛል፤
የፉርጎ ቁጥር ግን፣ አራት መቶ ሰባት፣
አራት መቶ ዘጠኝ፣ ሳይስት ይነግረኛል።
ቅድም ጉልበቴን በጣቱ መታ፣
ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።
«ስንጥቅ የለውም» አለ። «ይሂድ።»