አንድ ስንዝር

አባቴን በሠፈር «ዓሣው» ነው የሚሉት፤
መንበሩ ነበረ አያት የሰየሙት።
ጀማ ሞልቶ ሲሄድ፣ በሬ ሲወስድ አይቶ፣
ውሃ ፈርቶ አደገ፣ ከዳር ዳር ተጠግቶ።
ባሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ምልምል ሆኖ ሄደ፤
ያ ውሃ ፈሪ ልጅ ምጽዋ ላይ ወረደ።

ሥራው ሌላ አልነበር፦ የመርከብ ሆድ መፋቅ፣
የተያዘ መልሕቅ ከጭቃ ማላቀቅ፤
አየር በብረት ቅል በጀርባው ላይ አዝሎ፣
እርሳስ ወገቡ ላይ እንደ ዝናር ጥሎ።

አንድ ቀን ግን ዳህላክ አጠገብ፣
የደሴቱ ሽማግሎች መረብ እንዳይጣልበት
መልሕቅ እንዳያርፍበት ከተማማሉበት
ከአንድ ሰማያዊ ጉድጓድ ገባ።
(እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣
ደጀ ሰላም እንደ ደረሰ ሰው ነጠላውን ያስተካክላል።)

«አበባ ነው ብዬ ልነካው ስል ተሰበሰበ፤
ድንጋይ ነው ብዬ ልረግጠው ስል ዓይኑን ገለጠ።
አፉ እንደ በቀቀን የሆነ ዓሣ
ኮራሉን እንደ ቆሎ ሲቆረጥም ይሰማኛል።
ኤሊዋ እንደ አሮጊት መነኩሲት፣
ሰላምታ ሳትሰጠኝ፣ ሳትሸሸኝም አለፈች።
እጄን ስዘረጋ ኢድሪስ ያዘኝ፣
የደሴቱ ልጅ፣ በጣቶቹ ለካልኝ፦
አንድ ስንዝር።
ቃሉን የነገረኝ ጀልባው ላይ ስንወጣ ነው፦
‹ጣትህ ያረፈበትን ልጅህ አያየውም።›»

ሰማንያ ሦስት ላይ ያ ሁሉ ሲበተን
በእግሩ መጣ። ከዚያ ሁሉ ባሕር
የተረፈው አንድ የተሰነጠቀ መነጽር።
ዓለም ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ ይጠይቁታል፦
«ዓሣው፣ ከባሕር ሥር ምን አለ?»
«ከተማ።»
«ቀረጥ የሌለበት?»
«ያለበት! ትልቁ ከትንሹ ይሰበስባል።»
ይስቃሉ። አብሯቸው አይስቅም።

ዓምና በጥቅምት ወደ ጀማ ወረድን፣
የአጎቴን ማሽላ ልናይ፣ በአይሱዙ፣ በጠመዝማዛው።
ከሦስተኛው እጥፋት ጆሮዬ ተደፈነ።
«አፍንጫሽን ያዢና ንፊ» አለኝ።
ነፋሁ። ጧ! ተከፈተ።
«ይኸው ጠለቅሽ!»
እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከታች፣ ሙቀቱ ውስጥ፣ ገደሉን እየናዱ
ነጭ ድንጋይ ይጭናሉ።
አባቴ አጎነበሰ።
እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣
እንደ ጥቅል ጎመን የታጠፈ፣
መሐሉ ላይ ግማሽ ዛጎል የነከሰ።
«አውቃታለሁ» አለ። «ይቺን አውቃታለሁ።
እዚያ ነፍስ ነበራት።»
ገዳሙ የሚሉት ፈላጭ መዶሻውን አሳረፈ፦
«ጋሼ፣ የቤት መሠረት ነው፤ መኪናው እየጠበቀ ነው።»
«ከየት መጣ?»
«ድንጋይ ደግሞ ከየት ይመጣል?»
አባቴ ሽቅብ አየ፣
ገደሉን፣ ጭልፊቱን፣ የሰማዩን ቅዳጅ፣
ከውሃ ሥር ሆኖ የጀልባውን ሆድ እንደሚፈልግ።

ስንመለስ ሾፌሩን በየእጥፋቱ ለመነው፦
«ቀስ በል! ከጥልቅ የሚወጣ አይሮጥም፣ ደሙ ይፈላል።»
ሾፌሩ ያበደ መስሎት ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ማታ ባትሪ ይዞ የቤታችንን ግድግዳ ዞረ፣
ክንድ በክንድ፣ የመርከብ ሆድ እንደሚፈትሽ።
ከቀን መቁጠሪያው በታች፣ ኖራው ከለቀቀበት፣
አንዲት የሳንቲም ስፋት ያላት አበባ፣ ድንጋይ ውስጥ፣
ሁሉም ቅጠሏ በቦታው።
ወንበር ስንደገፍባት ኖረናል።
ከጎኗ ምስማር መትተናል፣ ያውም እኔ ነኝ የመታሁት።

እጁን ዘረጋ።
«ንካት እንጂ፣ የሞተች ናት» አልኩት።
ዝም አለ።
ጣቶቹ ተከፈቱ፣ ለኩ፣ ቆሙ፤
ባትሪው እስኪደክም ድረስ
በዝግታ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።