ክብሪት ላይ ያለ ፊት

ከዛምቦአንጋ መጣ፣ በወታደር ጀልባ፣
ሦስት ካርቶን ክብሪት ወደ ሱቄ ገባ።
«ዋጋ የለውም» አሉኝ፤ «በነጻ አድዪልን፣
ሰው የጠፋብን ነው፤ ካየሽው ንገሪን።»
በሣጥኑ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር
የማይበልጥ ፊት አለ፤ ከሥሩም ቁጥር፤
ከቁጥሩ ኋላ ዜሮ፣ ከዜሮም ኋላ ዜሮ፣
እንደ ደረቅ ዓሣ በክር ተደርድሮ።
ደሴቷ ብትሸጥ፣ ከነቤት ከነሰው፣
የዚህን ፊት ዋጋ ግማሹን አትደርሰው።

ዙልፋድሊ፣ ከጆሆር። በየማኅተሙ
«ተጠርጣሪ» ይላል ቀጥሎ ከስሙ።

እኛ ግን አሙን ነው የምንለው።
ባሕር ላይ የሞተ ሞተር ያስነሳል፣
ሰዓት ይጠግናል፣
ሽቦ ከሽቦ ሲያገናኝ ትንፋሹን ይይዛል።
አንድ ጣት ይጎድለዋል፤ «መጋዝ ነው» ይለናል።
መጋዝ የበላውን እጅ አውቀዋለሁ፣
ባሌ ጀልባ ሠሪ ነበር፤
ይህ ግን ይለያል።

መጀመሪያ ቀን ሣጥኑን ሲያይ
ምንም አላለም። አገላበጠው። ጠርዙን በጥፍሩ ፋቀው።
«ሰውዬው ከስቷል» አለ።
አንዷን ጭሮ ሲጋራውን ለኮሰ፣
ነበልባሏን ጣቱን እስክትፈጀው ጠበቃት።
ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ይመጣል፣
ሁለት ሁለት ሣጥን ይዞ ይሄዳል፤
ራሱን በኪሱ ከትቶ፣ ራሱን ያነዳል።

ሬዲዮኔን የጠገነው እሱ ነው።
በዚያው ሬዲዮ ሞቱን ሰማን፦
አንዴ በቦምብ፣
አንዴ በስኳር በሽታ፣
ሦስተኛው ጊዜ ግን እዚሁ ቆሞ ነበር፣ ካሳቫ እያስመዘነ።
«ተገድሏል» ሲል ዜና አንባቢው፣
«አላህ ይማረው» አልኩ፣ ሳላስበው።
ሳቀ።
ሳቁን ጨረሰና «አሜን» አለ።

እህቴ ኢንዳሃ አንድ ልጅ ነበራት፣ ሳህባን የሚባል።
የባሕር አረም ሸጦ፣ ማክሰኞ ቀን፣
ወደብ ላይ ጫማ ሊገዛ ሄደ።
ጫማው መጣልን በላስቲክ፣ አዲስ፣ ክሩ ያልገባ።
ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ።
ሌላ የመጣ የለም።

አንድ ሐሙስ ላምባ እየቀዳሁለት፣
ቀና ሳልል፣
«የወደቡን ፍንዳታ ሰምተህ ነበር?» አልኩት።
«የትኛውን?» አለ።

የትኛውን!
አላመነ፣ አልካደ።
ሰው ስንቱን ቢሠራ ነው «የትኛውን» የሚል?
ወይስ ስንቱን ቢሰማ?
እኔስ ብጠየቅ፣ የትኛውን አልል ነበር?

የሚደወልበት ሣጥኑ ላይ አለ።
ስልኬ ኔትወርክ የሚያገኘው ከውኃ ጋኑ አናት ነው።
ሁለቴ ወጣሁ።
ሁለቴ ወረድኩ።
ብጠራቸው የሚመጣው ከሰማይ ነው፣ ከሰማይ የመጣ ፊት አይለይም፤
የሙክታራ ቤትና የእሱ ቤት
በአንድ ጣውላ ነው የተያያዙት፣
ሙክታራ ደግሞ ሰባት ልጅ አላት።
ብተወው፣
ጫማው ከአልጋዬ ሥር ያየኛል።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ሐሙስ ደርሶ አሙን ሳይመጣ ቀረ።
ጎጆው በሯ ክፍት፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል።
ግድግዳው ሥር ባዶ የክብሪት ሣጥኖች፣
ፊታቸውን ወደ እንጨቱ አዙረው፣
እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመዋል።
ከአንዱ ውስጥ የሬዲዮኔን ብሎን አገኘሁ፣
ሲገጥም የረሳት ትሆናለች።
ሬዲዮው ያለሷም ይለፈልፋል።

ትናንት ደግሞ ገደሉት፣ ለአራተኛ ጊዜ።
«አላህ ይማረው» ልል ከንፈሬን አላቀቅሁና
«አሜን» የሚለኝ ሰው ፈለግሁ።
ሩዝ ልጥድ ክብሪት አነሳሁ፤
በሣጥኑ ጀርባ ላይ፣ ከብዙ እጅ፣ ከብዙ ላብ፣
ፊቱ ታሽቶ ጠፍቷል፤
ዋጋው ብቻ ይነበባል።