የቀኝ እግር ልክ

ማክሰኞ ነበረ፤ ከአዘዞ ስመለስ፣ በባጃጅ ኋላ፣
የሙሽራ ኮት ጭኔ ላይ ታጥፎ፣ ቁልፍ ብቻ ቀርቶት፣ ሌላው የተሟላ።
ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የበጠሰ አሮጌ አይሱዙ
በላያችን መጣ፣ ሽንኩርት እንደጫነ፣ ከነግሳንግሱ ከነጓዙ።
ከዚያ የማስታውሰው፣ ሽንኩርት ሲንከባለል፣
አንድ ሰው ደግሞ "እግሩን ያዙት፣ እግሩን!" ሲል።
የማን እግር ይሆን ብዬ አዘንሁለት፤
የኔ ኖሯል ለካ፣ እንደ ላላ እጅጌ፣ በአንድ ክር የቀረ ከስፌት።

ሁለት ወር ከሳምንት ጎንደር ሆስፒታል፣ አጥንት ክፍል፣ አልጋ አሥራ አራት፤
ጣሪያዋን ቀን በዓይኔ ስቆርጣት፣ ሌት ስሰፋት።
ሐኪሙ ብረት ከተተልኝ፤ ስምንት ብሎን፣ አንድ ዘንግ፤
ሙሽራው እንየው ሊጠይቀኝ መጣ፤ በትውስት ኮት ነበር ያለፈው የሱ ሠርግ።
የኔው ኮት ከሽንኩርቱ መሀል ተለቅሞ፣ ተመልሶ፣
ከራስጌዬ ነበር፣ እጅጌው ደም ለብሶ።

አራዳ ስመለስ አቧራ ለብሳ ጠበቀችኝ መኪናዬ፤
በእግር የምትነዳ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬ።
አወይ የቋንቋ ነገር! መኪና ሰበረኝ፣
መኪና ደግሞ "እግርህን አምጣ" አለኝ።
አያል ሚስቴ ፔዳሉን በእጇ ስትገፋ፣ ከወለሉ ቁጢጥ ብላ፣
እኔ ጨርቁን ስመራ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ሆነን ዋልን በሁለት ገላ።
አንድ የትራስ ልብስ ወጣን። ጠመመ። ሳቅን።
ከዚያ ደግሞ፣ ምክንያቱን ማንም ሳያነሣው፣ አለቀስን።

"ሦስተኛ ወገን የሚሉት መድን አለ፤ ክሰስ!" አለኝ የጎረቤት ልጅ።
እግሩ የኔ፣ ሦስተኛውም እኔ! ምን ይባላል እንጅ።
የትራፊክ ፕላን፣ የሐኪም ወረቀት፣ ሦስት ፎቶ ኮፒ ማኅተም ያለው፣
"ኃላፊው የለም"፣ "ነገ ና"፣ "ቀኑ አይነበብም" የሚለው።
መድኑ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለው፤
በክራንች ስወጣ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ስወርድ ግን ይበዛል ደረጃው።

ቦርዱ እግሬን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ "ሠላሳ አምስት በመቶ" ሲል ጻፈ።
ፔዳል የሚረግጠው ነው? ከአያል ጋር ለጥምቀት የሚወርደው? የትኛው ነው ያለፈ?
ማታ የገዛ ሜትሬን አወጣሁ፤ ግራ ዘጠና ስድስት፣ ቀኝ ዘጠና ሦስት ተኩል።
ዕድሜ ልኬን የሰው ትከሻ በጥጥ ሳስተካክል
ኖሬ፣ ሱሪዬን ተረተርሁ፤ ቀኙን አሳጠርሁ፤ ተኩሼ ሰቀልሁት።
"ይኸው" አልሁ ለአያል፣ "ያለ ቀብድ የሰፋሁት።"

ሾፌሩ ጫኔ በሽማግሌ መጣ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ቢል ጨነቀው፤
ግራውን ሳመ። ቀኙን ፈራው።
"አንተን ይቅር ብያለሁ" አልሁት፤ "ክሱ ግን ክስ ነው።"

የመድኑ ጠበቃ፦ "ገቢው አልታወቀም፤ ደረሰኙ የት አለ?"
ደብተሬን ሰጠሁ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። "ይህ የሰው ገላ ነው፣ ገንዘብ አይደለም" አለ።
ያኔ ምስክሮቼ ገቡ፣ ማንም ሳይመክራቸው፣
መምህር ውብነህ በግራጫ ኮት፣ ወይዘሮ ጥሩዬ በካፖርት፣ የሰፋሁላቸው።
ባለ ሥጋ ቤቱ አዛናው ሱሪውን ይዞ "ወገቡን ሁለቴ አስፍቶልኛል!" ሲል፣
ጸሐፊዋን ሳቅ አመለጣት፤ ዳኛዋንም ሊከተል።
ዳኛዋ ደብተሩን ገለጡ። ቆዩ። "ይያዝ" አሉ፣ "በማስረጃነት።"
ለሦስት ወር ተቀጠረ። ከዚያም ለሁለት።

ብሩ በመጨረሻ መጣ፤ ከጠየቅሁት ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ፤
ዕዳ ከፈልሁ፣ ዲናሞ ገዛሁ፤ አያል ከወለል ተነሣች፣ ጉልበቷም ይረፍ።
እግሬ ግን ሌሊት፣ በእንቅልፌ፣ ፔዳል ይረግጣል፤ "ተው" ትለዋለች፤
ምን እንደሚሰፋ እኔም አላውቅ፣ እሷም አልጠየቀች።

ትናንት እንየውን ጠራሁት፣ የኮቱን እጅጌ ቀይሬ፣ ቁልፉን ተክዬ፤
ለበሰው። ሆዱ ላይ አልዘጋ አለው። "ወፍሬ ነው መሰል፣ ጋሽዬ።"
"የድሮው ልክ ሁለታችንንም አያገለግለን" አልሁት፤ "ና፣
ብርሃኑ ጋ ቁም፤ ክንድህን ዘርጋ፤ ልለካህ እንደገና።"